የማትሪኩል ቁጥርና የሰው ስም፦ ከድሬዳዋ አቴሊየ እስከ ኦክላንድ

በዚህ ሰዓት ከእኔ የምትጠብቁት የሳምንቱን የፖለቲካ ትንታኔ መሆኑን አውቃለሁ። ዛሬ ግን ይቅርታችሁን ጠይቄ ስለ አንድ አሮጌ ወረቀት ላወራችሁ ነው። ፖለቲካ የለበትም ማለቴ አይደለም፤ የእኛ አገር ወረቀት ፖለቲካ የሌለበት ሆኖ አያውቅም።

ወረቀቱን ያየሁት ኦክላንድ ውስጥ፣ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ካሉት የአበሻ ምግብ ቤቶች በአንዱ ነው። ያሳዩኝ ሰው ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው፣ ሳን ሆዜ ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ የድሬዳዋ ሰው ናቸው። "ስሜን በቴሌቪዥን እንዳትጠራ፤ ከጠራኸኝ ስልኬ እረፍት አያገኝም" ስላሉኝ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ። ወረቀቱ በካርቦን የተገለበጠ የደመወዝ ዝርዝር ነው። በፈረንሳይኛ የተተየበ፣ አራት ቦታ ታጥፎ የኖረ፣ እጥፋቱ ላይ በፕላስተር የተያያዘ። የ31 ሰዎች ስም አለበት። በመጀመሪያው ዓምድ ማትሪኩል፣ ማለትም የሠራተኛው መለያ ቁጥር፣ ቀጥሎ ስም፣ ቀጥሎ የሥራ ዓይነት፣ ከዚያ የተሠራበት ቀን ብዛትና የሚከፈለው ብር።

ጋሼ ድሬዳዋ የምድር ባቡር ጥገና ክፍል፣ ራሳቸው "አቴሊየ" በሚሉት ቦታ፣ በ1956 ዓ.ም. በተለማማጅነት ገቡ። ዝርዝሩ እጃቸው የገባው የሠራተኛ ማህበሩ መዋጮ ሰብሳቢ ስለነበሩ ነው። ማን ከፈለ፣ ማን አልከፈለ እያሉ በእርሳስ ምልክት ያደርጉበታል። በ1970 ዓ.ም. በጅቡቲ በኩል ሲሰደዱ ከሥራ ምስክር ወረቀታቸው ጋር አብሮ ወጣ። "ለምን እንደያዝኩት አላውቅም" አሉኝ። "አቦ! ሰው ሲሸሽ ወርቅ ይይዛል፤ እኔ የሰው ዕዳ ይዤ ወጣሁ።"

እሳቸው ይስቃሉ፤ ወረቀቱን ከሻንጣ ያስወጣቸው ምክንያት ግን የሚያስቅ አይደለም። ከጥቂት ወራት በፊት ከቶሮንቶ አንዲት ሴት ደወለችላቸው። አባቷ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። እሷ የሁለት ዓመት ልጅ ሳለች፣ በቀይ ሽብር ዘመን፣ አንድ ማለዳ ወደ ሥራ እንደወጡ አልተመለሱም። እናቷ ስለ እሳቸው አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ኖረው አረፉ። ከዕቃቸው መካከል የተገኘው አንድ የሥራ ምስክር ወረቀት ብቻ ነው፤ ፎቶግራፍ የለውም፤ ማትሪኩል ቁጥርና በፈረንሳይ ፊደል የተጻፈ ስም አለው። የሴትዮዋ ጥያቄ አጭር ነበር፦ "አባቴን ያውቁታል?"

ጋሼ ዝርዝሩን አወጡ፤ ቁጥሩን አገኙት። ስሙም አለ፤ ሥራውም ብየዳ ይላል፤ በዚያ ወር 26 ቀን ሠርቷል። መልኩ ግን ሊመጣላቸው አልቻለም። "ቁጥሩ አለ፣ ስሙ አለ፣ ሰውየው የለም" አሉኝ። እንቅልፍ የነሳቸውም ይኸው ነበር።

እንግዲህ ለወጣቶቻችን ስል ስለዚህ ባቡር ጥቂት ልበል። ዓመቶቹን ካሁን በኋላ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ። ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡሩን ፈቃድ የሰጡት በ1894 ነው። ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1902 መጨረሻ ከሐረር ተራሮች ግርጌ ደረሰ። ተራራውን ወደ ሐረር መውጣት እጅግ ከባድና ውድ ስለነበር ሃዲዱ ሐረርን ትቶ በቆላው በኩል እንዲያልፍ ተደረገ፤ ድሬዳዋ የምንላት ከተማም በዚህ ምክንያት ተወለደች። የመጀመሪያው ኩባንያ ከሰረ፤ በ1908 የፈረንሳይና የኢትዮጵያ የምድር ባቡር ኩባንያ ተተካ፤ ሃዲዱ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ጠቅላላ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ነው። አዲስ አበቤው የጣቢያውን ስም ከፈረንሳይኛው "ላ ጋር" ወስዶ ለገሃር አለው። ፉርጎም የምንለው ቃል ከዚያው ነው የመጣልን።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ ልለፈው። ጣልያን ገባ፣ ወጣ። በ1959 በተደረገ ስምምነት ኩባንያው በኢትዮጵያ ሕግ የሚተዳደር ሆነ። በ1977 በሶማሊያ ወረራ ጊዜ መስመሩ ተቆረጠ። በ1981 የኢትዮጵያና የጅቡቲ መንግሥታት የጋራ ድርጅት ሆነ። ባለቤት በተለወጠ ቁጥር የሠራተኛውም ዶሴ እጅ ይለውጣል፤ በአዲስ ሹም መደርደሪያ ላይ የአሮጌ ሹም ዶሴ ምን ዓይነት ቦታ እንደሚሰጠው ቢሮ የሠራ ሰው ያውቀዋል።

ጋሼ የሠሩበት አቴሊየ ገነት ነበር ብለው አልዋሹኝም። ላይኛው ወንበር የፈረንሳዮች ነበር፤ የደመወዙ ልዩነትም የትየለሌ። ከአገራችን ቀደምት የሠራተኛ ማህበራት አንዱን የመሠረቱት የባቡር ሠራተኞች የሆኑት ያለ ምክንያት አይደለም። ማህበሩ ሲቋቋም የሠራተኛ ማህበርን የሚፈቅድ የሥራ ሕግ እንኳ ገና አልወጣም ነበር፤ ያ ሕግ የመጣው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው። ነገር ግን ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ሳነበው አንድ ነገር ገረመኝ። የኦሮሞ ስም አለ፣ የሶማሌ ስም አለ፣ የአማራ፣ የጉራጌ፣ የሐረሪ፣ የአርመንም ስም አለ። የብሔር ዓምድ ግን የለም። ዛሬ ድሬዳዋ የማን ናት እያልን በምንጨቃጨቅበት ዘመን፣ አንድ ሞተር ለመጠገን አብረው የጎነበሱ 31 ሰዎች ስም ያለበት ወረቀት ብዙ የሚናገር ይመስለኛል። ፖለቲካ የለበትም አላልኳችሁም።

አሁን ወደ ስሙ ጉዳይ እንምጣ። የፈረንሳይ ጸሐፊ የእኛን ስም ሲጽፍ በራሱ ፊደልና በራሱ ልማድ ነው። ወልደ የሚባለውን ሰው በዝርዝሩ ላይ የምታገኙት በ"ኦ" ፊደል ሥር ነው፤ ፈረንሳዮች "ወ"ን የሚጽፉት በዚያ ስለሚጀምሩ። የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይያዝና ይቀድማል፤ የራሱ ስም ደግሞ በአንዲት ፊደል ያጥራል። ስለዚህ የአባታቸው ስም አንድ የሆነ ሦስት ሰዎች፣ የራሳቸውም ስም በአንድ ፊደል የሚጀምር ከሆነ፣ በወረቀት ላይ ፍጹም አንድ ሰው ይሆናሉ። የሚለያቸው ማትሪኩሉ ብቻ ነው። ጋሼ እንደሚሉት ሠራተኛው ራሱ እርስ በርሱ በቁጥር ይጠራራ ነበር፤ አለዚያም በቅጽል ስም። ቅጽል ስሞቹን ነግረውኛል፤ አብዛኞቹ በቴሌቪዥን የሚነገሩ ዓይነት አይደሉም።

ይህ ነገር ለእኛ አሜሪካ ለምንኖረው አዲስ ሊሆን አይችልም። ሐኪም ቤት ተቀምጠን ነርሷ ወጥታ የአባታችንን ስም ስትጣራ፣ ነፍሱን ይማረውና አባቴን ምን ፈለገችው የሚል ሐሳብ ያልመጣበት ካለ እጁን ያውጣ። አባት፣ እናትና ልጅ ሦስት የተለያየ የቤተሰብ ስም ይዘን ትምህርት ቤት ልጅ ለማስመዝገብ ስንሄድ የሚያዩንን አስተያየት ታውቁታላችሁ። መዝገብ የሚጻፈው መዝገቡን ለያዘው ሰው ምቾት ነው።

ጋሼ ይህን ሲያወሩኝ የተቀመጥንበት ከተማ ራሱ ትዝ አለኝ። ከምግብ ቤቱ በመኪና ጥቂት ደቂቃ ብንሄድ ዌስት ኦክላንድ ነው፤ ከአሜሪካ ምሥራቅ ተነሥቶ አገር ያቋረጠው ባቡር በ1869 ኅዳር ወር የደረሰበት። እዚያ በ1912 የተሠራው የ16ኛው መንገድ ጣቢያ በ1989 የመሬት መንቀጥቀጥ ክፉኛ የተጎዳ ሕንፃ ነው፤ ባቡር መቀበል ካቆመ ብዙ ዓመት ሆኖታል። በዚያ ሰፈር ከሚኖሩት ጥቁር አሜሪካውያን ብዙዎቹ የፑልማን ኩባንያ የመኝታ ፉርጎ አስተናጋጆች ነበሩ። ኩባንያው ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ከባርነት የወጡትን ሰዎች በብዛት ቀጠረ። አልጋ ያነጥፋሉ፣ ሻንጣ ይሸከማሉ፣ ጫማ ይወለውላሉ። ተሳፋሪው ሁሉንም "ጆርጅ" ብሎ ይጠራል፤ የኩባንያው ባለቤት ጆርጅ ፑልማን ይባል ስለነበር። ባሪያ በጌታው ስም ይጠራ እንደነበረው ማለት ነው።

ከእነዚህ አንዱ ሲ. ኤል. ዴለምስ ነበር። በ1920ዎቹ ከቴክሳስ ኦክላንድ መጥቶ ፑልማን ገባ፤ ኤ. ፊሊፕ ራንዶልፍ በ1925 የመሠረተውን የአስተናጋጆች ማህበር ስላደራጀ ከሥራ ተባረረ። ተባርሮም አልተወም። ማህበሩ ከአሥራ ሁለት ዓመት ትግል በኋላ በ1937 ከኩባንያው ጋር ውል ተፈራረመ። በወር ወደ 400 ሰዓት ይደርስ የነበረው ሥራ በዚያ ውል 240 ሰዓት ሆነ። በ1968 ዴለምስ ራሱ የማህበሩ ፕሬዚዳንት ሆነ። ዛሬ ጃክ ለንደን አደባባይ ያለው የኦክላንድ ባቡር ጣቢያ በስሙ ተሰይሟል፤ ሐውልቱም ደጃፉ ላይ ቆሟል። የደቡብ አፍሪካን አፓርታይድ በኮንግሬስ የታገለውና በኋላ የኦክላንድ ከንቲባ የሆነው ሮን ዴለምስ የወንድሙ ልጅ ነው።

ልብ በሉ፤ ተሳፋሪው "ጆርጅ" እያለ ሲጠራ፣ የኩባንያው ዶሴ ግን የእያንዳንዱን ሰው ትክክለኛ ስም ይዞ ነበር። የፑልማን ኩባንያ መዛግብት ዛሬ ቺካጎ በሚገኘው የኒውበሪ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠዋል። የልጅ ልጆች ሄደው የአያታቸውን የቅጥር ቀንና የተቀጣበትን ምክንያት ያነባሉ። ሌላም አለ። ከ1930ዎቹ ጀምሮ የአሜሪካ ባቡር ሠራተኞች የራሳቸው የጡረታ ቦርድ አላቸው። እስከ 1963 ድረስም የባቡር ሠራተኛ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር በ700 እና በ728 መካከል ባለ ቁጥር እንዲጀምር ተደርጎ ይሰጥ ነበር። ስለዚህ የአያትህን ቁጥር መጀመሪያ አይተህ የባቡር ሰው እንደነበረ ታውቃለህ፤ ዶሴውንም ለመፈለግ የት እንደምትጽፍ ታውቃለህ። ይህን ለጋሼ ስነግራቸው ዝም ብለው ቆዩና "እነዚህ ሰዎች ማትሪኩሉን እንኳ አልጣሉም" አሉ።

ግን አሜሪካም ሁሉን አልጻፈም። ጋሼ ከሚኖሩበት ከሳን ሆዜ ብዙም ሳይርቅ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ አለ። መሥራቹ ሊላንድ ስታንፎርድ ያንን አገር አቋራጭ ሃዲድ ከካሊፎርኒያ በኩል የዘረጋው የሴንትራል ፓስፊክ ኩባንያ ፕሬዚዳንት ነበር። ሲዬራ ኔቫዳ ተራራን በመዶሻና በባሩድ የፈለፈሉት አብዛኞቹ ሠራተኞች ቻይናውያን ናቸው፤ ቁጥራቸው ከአሥር ሺህ በላይ ነው። የኩባንያው የደመወዝ መዝገብ ሳክራሜንቶ በሚገኘው የባቡር ሙዚየም አለ። በ1864ቱ መዝገብ ላይ ሁንግ ዋህ እና አህ ቶይ የሚሉ ስሞች ይታያሉ። "አህ" እኮ ስም አይደለም፤ ሰው ወዳጁን ሲጠራ ከስሙ ፊት የሚያስቀድማት መጥሪያ ናት። ጸሐፊው ግን ስም መስላው ጻፋት። ያም ሆኖ እነዚህ እድለኞች ናቸው። ክፍያው በአብዛኛው ለቡድን አለቃው በጅምላ ይሰጥ ስለነበር፣ በአንድ አለቃ ስም ሥር ብዙ ሰው ያለ ስም ተቀብሯል።

የስታንፎርድ ምሁራን ከ2012 ጀምሮ እነዚህን ሠራተኞች ለዓመታት ፈለጉ። ከሠራተኞቹ መካከል አንድ ሰው የጻፈው አንድ ደብዳቤ ወይም ማስታወሻ አልተገኘም። ስለዚህ የደመወዝ መዝገቡን፣ ከሰፈሮቻቸው የተቆፈረ የሸክላ ስባሪንና የልጅ ልጆች ከአባቶቻቸው የሰሙትን አንድ ላይ አስቀምጠው ነው ታሪካቸውን የሠሩት። በ1867 በሺህ የሚቆጠሩ ቻይናውያን ደመወዛችን ከነጮቹ እኩል ይሁን ብለው ሥራ አቁመው ነበር፤ ኩባንያው ስንቅ ቆረጠባቸውና በሳምንት ገደማ አበቃ። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1887፣ ሳን ሆዜ መሐል የነበረው የቻይናውያን ሰፈር ሆን ተብሎ ተቃጠለ። የከተማዋ ምክር ቤት ይቅርታ የጠየቀው በ2021 ነው።

የታሪክ ነገር ይገርማል። ከድሬዳዋው አሮጌ ሃዲድ ጎን የተዘረጋውን፣ በ2016 የተመረቀውን የአዲስ አበባ ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር የሠሩት የቻይና ኩባንያዎች ናቸው። በዚያ ሥራ ላይ የኛ ልጆች ድንጋይ ፈልጠዋል፣ ብረት ተሸክመዋል። የእነሱ የደመወዝ ዝርዝር በምን ፊደል ተጻፈ? "ወ" የሚባለው ፊደላችን አሁን ደግሞ ምን ሆኖ ይሆን?

በእኛ በኩል ቁጥር ስናነሣ ሁላችንም የምናስታውሰው አንድ ቀን አለ፤ ጥር 5 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ ባቡሩ አዋሽ አጠገብ ድልድይ ላይ ከሃዲዱ የወጣበት። 428 ሰው ሞተ። ቁጥሩን እንናገራለን። ከአራት መቶ ሃያ ስምንቱ የአንዱን ስም የሚጠራ ከመካከላችን ስንት ነው? ጋሼ የሦስቱን ይጠራሉ።

ከሁለት ሳምንት በፊት ጋሼ ጋር ሳን ሆዜ ሄጄ ነበር። ድሮ እዚያው አቴሊየ የሠሩ አንድ ወዳጃቸው ከሳክራሜንቶ መጥተዋል። ሁለቱ ሽማግሌዎች ዝርዝሩን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው በመነጽር ላይ መነጽር ደርበው ይከራከራሉ። ያኛው ቀይ ነበር፣ አይ ጠይም ነበር፤ ያኛው አቦ የማን ልጅ ነው፣ የከዚራው ነው፣ አይ የመጋላው ነው። ዘጠነኛው ረድፍ ላይ ሲደርሱ የቶሮንቶዋ ልጅ አባት ነው፤ ሁለቱም ዝም አሉ።

ከዚያ ወዳጃቸው አንድ ነገር አሉ። "እኛ መቼ በዓይናችን አነበብነው? ደመወዝ ቀን ተሰልፈን በጆሮአችን ነው የሰማነው። እስቲ እንደ ከፋዩ ልጥራው።" ተነሥተው ቆሙ። ቁጥሮቹን ከላይ ጀምረው በፈረንሳይኛ፣ ጮክ ብለው፣ እንደዚያ ዘመን ገንዘብ ከፋይ ይጠሩ ጀመር። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። በእያንዳንዱ ቁጥር "ፕሬዛን" ይላሉ፤ ሠራተኛው "አለሁ" ለማለት በፈረንሳይኛ የሚመልሰው ቃል ነበር። ዘጠነኛው ቁጥር ሲጠራ ግን "ፕሬዛን" አላሉም። ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ በቀጭን ድምፅ፣ በአማርኛ "አለሁ!" አሉ።

ወዳጃቸው ወረቀቱን ጣሉት። "እሱ!" አሉ። "እሱ ነው! በፈረንሳይኛ አልመልስም ያለው!"

ከዚያ በኋላ ማን ያቁማቸው። ሼፉ ስንት ጊዜ እንደተቆጣው፣ አንድ ጊዜ የግማሽ ቀን ደመወዝ እንደተቆረጠበት፣ የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ አድርጎ ወደ ቤት እንደሚሄድ፣ ሴት ልጅ የተወለደችለት ቀን ለክፍሉ ሁሉ ሐባብ ገዝቶ በእጅ ጋሪ አስገፍቶ እንደመጣ። መዋጮ ግን አይከፍልም ነበር። ጋሼ ወረቀቱን አነሡና በስሙ ፊት ያለውን ሃምሳ ዓመት ሊሞላው የቀረበ የእርሳስ ምልክት አሳዩኝ። የሁለት ወር ውዝፍ አለበት።

ቶሮንቶ ማታ ነበር። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርገው ደወሉላት። ሁለቱም እየተሻሙ ነገሯት። ስለ ሐባቡ ሲነግሯት ለረጅም ጊዜ ድምፅዋ ጠፋ፤ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ተመለከትኩ። ከዚያ "ድምፁ ወፍራም ነበር ወይስ ቀጭን?" ብላ ጠየቀች።

"ቀጭን" አሏት ጋሼ። "ከቁመቱ ጋር የማይሄድ ቀጭን። ልስማሽ እስቲ፣ የአንቺም እንደሱ ነው።"

በዝርዝሩ ላይ ገና ሰዎች ይቀሯቸዋል። ድሬዳዋ የምድር ባቡር የሠራችሁ፣ ወይም ወላጆቻችሁ የሠሩ፣ ማትሪኩል ያለበት ማንኛውንም ወረቀት ከሻንጣ ሥር ፈልጉ። የሥራ ምስክር ወረቀትም ይሁን የደመወዝ ቁራጭ፣ ፎቶ አንሡት። አጠገባችሁ የዚያ ዘመን ሰው ካለ ደግሞ ወረቀቱን ለንባብ አትስጡት፤ ቁጥሩን ጮክ ብላችሁ ጥሩለት። ጋሼና ወዳጃቸው በሚመጣው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከአሥራ ሁለተኛው ረድፍ ይቀጥላሉ፤ እኔም እሄዳለሁ።

ቸር ያሰንብተን።